የሌሊት ተራራ ሩጫና የግንባር መብራት

የግንባር መብራት በላስቲክ ማሰሪያ ራስ ላይ የሚታሰር፣ ሁለቱንም እጅ ነጻ የሚያደርግና ፊት ወደዞረበት አብሮ የሚዞር ትንሽ መብራት ነው። አስፋልት ላይ የሚሮጥ ሰው መብራት የሚይዘው በዋናነት ለመኪና እንዲታይ ነው። ሥርና ጠጠር በበዛበት የተራራ መንገድ ላይ ግን መብራቱ ለሯጩ ራሱ የሚረግጠውን ማሳየት አለበት፤ ምርጫውም የሚከብደው እዚህ ላይ ነው።

ዕቃው ከማዕድን ጉድጓድ የመጣ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ማዕድን ቆፋሪዎች ካርባይድ ከውሃ ጋር ሲገናኝ በሚወጣው ጋዝ የሚነድ ፋኖስ ባርኔጣቸው ላይ ይሰኩ ነበር። ኋላ አምፑልና ከባድ ባትሪ ተተኩ። ለሯጭ የሚሆን ቀላል መብራት የተገኘው ነጭ ኤልኢዲ ከመጣ በኋላ ነው። ለዚህ በር የከፈተውን ሰማያዊ ኤልኢዲ የሠሩት ሦስቱ ሊቃውንት አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

ማሸጊያው ላይ ጎልቶ የሚጻፈው ቁጥር ሉመን ነው። ሉመን ከመብራቱ የሚወጣውን ጠቅላላ ብርሃን ይለካል እንጂ ብርሃኑ የት እንደሚያርፍ አይናገርም። የጨረሩን ጥንካሬ የሚለካው ካንዴላ ነው። በተለመደው መስፈርት መብራቱ ይደርሳል የሚባለው ብርሃኑ ወደ 0.25 ሉክስ እስኪወርድ ድረስ ያለው ርቀት ሲሆን፣ ይህም ጥርት ባለ ሌሊት ሙሉ ጨረቃ ከምትሰጠው ጋር ይቀራረባል። በዚህ ስሌት 100 ሜትር ለመድረስ 2,500 ካንዴላ ይበቃል፤ 200 ሜትር ለመድረስ ግን 10,000 ያስፈልጋል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚያስፈልገው ብርሃን አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ደግነቱ ሯጭ 200 ሜትር ማየት እምብዛም አያስፈልገውም። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ቁልቁል የሚወርድ ሰው በሰከንድ ከ3 ሜትር ያነሰ ይጓዛል፤ ዓይኑም የሚሠራው ከፊቱ ባሉት ጥቂት ሜትሮች ላይ ነው። ስለዚህ ግራ ቀኙን የሚያሳይ ሰፊ ብርሃን፣ መሐሉ ላይ ትንሽ ጠንከር ያለ ጨረር ተጨምሮበት፣ ሩቅ ከሚወረወር ቀጭን ጨረር ይሻላል።

ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣም ለውጥ አለው። ከዓይን አጠገብ የሚወጣ ብርሃን የእያንዳንዱን ድንጋይ ጥላ ከድንጋዩ ጀርባ ስለሚደብቀው መሬቱ ጠፍጣፋ መስሎ ይታያል፣ እግርም ይሳሳታል። ወገብ ላይ የሚታሰር መብራት ጥላውን ወደፊት ያስረዝመዋል፤ ጎድጓዳውና ጉብታው ይለያል። በጉም ውስጥ ደግሞ የግንባር መብራት ጠብታዎቹን አብርቶ ነጭ ግድግዳ ያቆማል። ያኔ ኃይሉን መቀነስ ወይም መብራቱን ወደ ወገብ ማውረድ ነው መፍትሔው። ቀይ ብርሃን ለካርታ ማያና ሌላውን ሰው ላለማጥበርበር ይጠቅማል፤ ሊሮጡበት ግን አይበቃም።

ከብርሃኑ ይልቅ ብዙ ሰው የሚቸገረው በባትሪው ነው። ማሸጊያው «50 ሰዓት» ቢል ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ ዝቅተኛው ደረጃ ነው። በመስፈርቱም ቆይታ የሚቆጠረው ብርሃኑ ከመነሻው ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሰዓታት ለመሮጥ አይሆኑም። 18 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው የተለመደው ሊቲየም ባትሪ 12 ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል። አንድ ዋት 100 ሉመን ያወጣል ብንል፣ 200 ሉመን ለስድስት ሰዓት ያህል ይዘልቃል። ብርድ ይህን ይቀንሰዋል፤ መለዋወጫው ከደረት አጠገብ ባለ ኪስ መያዝ ያለበት ለዚህ ነው። አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉት ሊቲየም የባትሪ ድንጋይ ከተለመደው አልካላይን ይልቅ ብርድ ይችላል።

ስንት ሰዓት እንደሚያስፈልግ የሚወስነው ሌሊቱና የሯጩ ፍጥነት ነው። በኢትዮጵያ ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ይጠጋል፤ ፀሐይ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲሆን ይጨልማል። በፈረንሳይ ከሻሞኒ ተነስቶ ሞንብላንን በጣሊያንና በስዊዘርላንድ በኩል የሚዞረው ዩቲኤምቢ ውድድር በነሐሴ መገባደጃ፣ አመሻሽ ላይ ይጀመራል። 170 ኪሎ ሜትር ገደማውን አሸናፊዎቹ በ20 ሰዓት አካባቢ ስለሚጨርሱ ጨለማው የሚያገኛቸው አንድ ሌሊት ነው፤ የመጨረሻዎቹ ግን ከ46 ሰዓት በላይ ስለሚፈቀድላቸው ሁለት ሌሊት ያሳልፋሉ። ብዙ ባትሪ የሚያስፈልገው ፈጣኑ ሳይሆን ዘገምተኛው ነው፤ ገበያው ግን ትልቁን መብራት ለፈጣኑ ይሸጣል።

የቀረው በእጅ የሚፈተን ነው። ማሰሪያው ሲዘሉ እንዳይወዛወዝ፣ ቁልፉ በጓንት እንዲነካ፣ ቦርሳ ውስጥ በራሱ እንዳይበራ ማየት ያሻል። በውሃ መቋቋም ደረጃ አይፒኤክስ 4 የተጻፈበት የሚረጭ ውሃን ይችላል፤ አይፒኤክስ 7 አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ይቆያል። ለዝናብ የመጀመሪያው በቂ ነው። ከመንደር ርቆ ለሚሮጥ ሰው ሁለተኛ ትንሽ መብራት መያዝ ግዴታ ነው፤ በጨለማ ባትሪ ለመቀየርም ብርሃን ያስፈልጋልና። ለውድድር በአውሮፕላን የሚጓዝም መለዋወጫ ሊቲየም ባትሪዎቹን በእጅ ሻንጣ ይያዝ፤ ለጭነት በሚሰጥ ሻንጣ ውስጥ አይፈቀዱም።