ተረትና እውነታ፦ የቀበሌ ቤት፣ ኮንዶሚኒየምና የሰፈር ፖሊስ በጎንደር

በጎንደር የቡና ወሬ ከወንጀል አያመልጥም። የትኛው ቅያስ ላይ ማጅራት መቺ እንደሚቆም፣ የት ሰፈር ስልክ እንደሚነጠቅ፣ የትኛው ብሎክ ከመሸ ደረጃው እንደማይወጣ ሁሉም የየራሱን ምክር ይሰጣል። በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ታግታ የነበረች አንዲት ሕፃን ከተገደለችና ነዋሪው በሐዘንና በቁጣ አደባባይ ከወጣ ወዲህ ደግሞ ወሬው ከብዷል፤ ወላጅ ልጁን ከደጅ የሚያስገባበትን ሰዓት የሚወስነው እሱ ሆኗል።

ስለ ወንጀል መንስኤና መፍትሔ አምነን ከያዝነው ውስጥ ግን ብዙው ትክክል አይደለም። በተሳሳተ እምነት የሚወሰድ እርምጃ ደግሞ ልጆቻችንን ያስከፍለናል። እዚህ የማነሣው መንግሥት በወረሳቸውም ሆነ በሠራቸው ቤቶች፣ በቀበሌ ቤትና በኮንዶሚኒየም ሰፈር፣ ስለሚታየው የቡድን ዝርፊያና የዕፅ ንግድ ነው። መሣሪያ የታጠቀ ኃይል የሚፈጽመው እገታ በሰፈር ፖሊስ አቅም የሚመለስ አይደለም፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት ራሱ ስህተት ነው።

«የቀበሌ ቤት ባለበት ድኻ ይበዛል፤ ድኻ በበዛበት ወንጀል ይበዛል»

የቀበሌ ቤት ከየት እንደመጣ እናስታውስ። ደርግ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበረ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፤ የተሻሉት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። በነዚያ ቤቶች ዛሬም ጡረተኛው፣ ጠላ ሻጯ፣ የቀን ሠራተኛው፣ የልጅ ልጅ የምታሳድገው አያት ይኖራሉ። ግቢ ይጋራሉ፣ ቧንቧ ይጋራሉ፣ መጸዳጃ ይጋራሉ። የማያውቁት ሰው በሩን አልፎ ሲገባ ካንዱ ቤት «ማንን ፈለግህ?» የሚል ድምፅ ይወጣል። ድኽነት ብቻውን ወንጀል የሚወልድ ቢሆን እነዚህ ግቢዎች ገና ድሮ መኖሪያነታቸው ባበቃ ነበር።

ወንጀል የሚከማቸው በጥቂት ቦታዎች ላይ ነው። በአሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1989 በታተመ ጥናት፣ ፖሊስ ከተደወለለት ጥሪ ግማሽ ያህሉ የመጣው ከከተማዋ አድራሻዎች 3 በመቶ ገደማ ከሚሆኑት ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ በሌሎች ከተሞች የተደረጉ ጥናቶችም ወደዚያው ያመለክታሉ። አንድ ሙሉ ሰፈር «የሌባ ሰፈር» ተብሎ ስሙ ሲጠፋ፣ እውነቱ ብዙ ጊዜ መብራት የሌለው አንድ ጥግና ሁሉም እያየው የሚያልፈው አንድ ቤት ነው። ስሙ የጠፋበት ሰፈር ልጅ ግን ሥራ ሲጠይቅም አድራሻው ቀድሞት ይደርሳል።

በዚህ ረገድ እኔን የሚያሳስበኝ ከቀበሌው ግቢ ይልቅ ኮንዶሚኒየሙ ነው። አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ ሕንፃ ባለቤቶች ማኅበር አቋቁመው ደረጃውን፣ ኮሪደሩንና ግቢውን በጋራ እንዲያስተዳድሩ መንገድ አበጅቷል። በተግባር ግን ብዙው ባለቤት ቤቱን አከራይቶ ሌላ ቦታ ይኖራል፤ ተከራዩም ኪራይ በተጨመረ ቁጥር ይለዋወጣል። ለእርድ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለድግስ ታስቦ የተሠራው ኮሚዩናል ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ የሚያውቅ ይጠፋል። የደረጃው አምፖል ሲቃጠል የሚቀይረው የለም። የኒው ዮርክን የመንግሥት መኖሪያ ሕንፃዎች ያጠናው አርክቴክት ኦስካር ኒውማን እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው መጽሐፍ ያሳየው ይህንኑ ነው፦ ብዙ ቤተሰብ የሚጠቀምበት፣ ማንም ግን «የኔ» የማይለው መግቢያና ደረጃ የዘራፊ መናኸሪያ ይሆናል። ሐሺሽ የሚሸጥ ሰውም የሚፈልገው እንዲህ ያለ ቦታ ነው፤ ብዙ ሰው ስለሚወጣና ስለሚገባ ደንበኛው አይታወቅበትም፣ «እዚህ ምን ትሠራለህ?» የሚለውም የለም።

«ጫትም፣ ሺሻም፣ ሐሺሽም ያው ዕፅ ነው»

በሕግ ፊት ያው አይደለም። ጫት በኢትዮጵያ በይፋ ይታረሳል፣ ይነገዳል፣ ግብር ይከፈልበታል። ሺሻን የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ይከለክላል። ሐሺሽንና ሌሎች አደንዛዥ ዕፆችን ማምረት፣ ማዘዋወርና መጠቀም ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 ያስቀጣል። ጫት አይጎዳም እያልኩ አይደለም፤ ትምህርቱን ጥሎ ከመቃሚያ ቤት የቀረ ልጅ ያላት እናት ጉዳቱን ከማንም በላይ ታውቃለች። ነገር ግን ፖሊስ የሚቅመውን ሁሉ ሲያሳድድ አከፋፋዩ በሰላም ይሠራል። ከሱስ መውጣት ያቃተው ልጅ ሐኪም ያስፈልገዋል፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ ከጣቢያ በፊት ወደዚያ መውሰድ ይቀድማል።

«አንድ ጊዜ አፍሶ መውሰድ ነው»

አፈሳ ሁሉም የሚያውቀው ነው። መሸት ሲል መኪና ይመጣል፣ መንገድ ላይ የተገኘ ወጣት ይጫናል፣ ሰፈሩ ለጥቂት ቀን ጭር ይላል። ብዙ ወላጅም «እሰይ» ይላል፤ የተጫነው የራሱ ልጅ እስኪሆን ድረስ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። በጅምላ በተያዙ ልጆች ላይ ግን ለዳኛ የሚቀርብ ማስረጃ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ይለቀቃሉ። በመካከሉ ጥፋት የሌለበት ልጅ ከእውነተኛው ዘራፊ ጋር አንድ ክፍል አድሯል፣ ተዋውቋል፣ በፖሊስ ላይም ቂም ይዞ ወጥቷል። ነገ አንድ ነገር ቢያይ ለፖሊስ የሚናገር አይሆንም።

ፖሊስ በመኪና እየዞረ ስለታየም ወንጀል አይጠፋም። በካንሳስ ሲቲ እ.ኤ.አ. በ1972 እና 1973 በተደረገ ሙከራ 15 የጥበቃ ቀጠናዎች በሦስት ተከፈሉ። በአንዱ ምድብ ቅኝት ቀረ፣ በሌላው እንደነበረ ቀጠለ፣ በሦስተኛው ሁለትና ሦስት እጥፍ ሆነ። በመጨረሻ በወንጀሉም በነዋሪው ስጋትም ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ልዩነት ያመጣው ዋናዎቹን አጥፊዎች ለይቶ መሥራት ነው። በቦስተን እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ፖሊስ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎችና የማኅበራዊ ሥራ ሠራተኞች አንድ ላይ ሆነው፣ በግድያ ይሳተፉ የነበሩትን ጥቂት ቡድኖች ፊት ለፊት ጠሯቸው። መግደሉ ካልቆመ የሚከተለውን ነገሯቸው፤ መውጣት ለሚፈልግም ሥራና ድጋፍ አቀረቡ። ሥራውን የገመገመው ጥናት የወጣቶች ግድያ በ63 በመቶ መቀነሱን መዝግቧል።

«ኮሚዩኒቲ ፖሊሲንግ ማለት ለመንግሥት ጠቋሚ መሆን ነው»

ይህን የሚል ሰው አላዋቂ አይደለም፤ ያየውን ነው የሚናገረው። ቤቱን የወረሰው አዋጅ ቁጥር 47 ነው፤ ቀበሌን የፈጠረም እሱ ነው። አከራዩና ተቆጣጣሪው ከመጀመሪያው አንድ ቢሮ ሆኑ። ብዙም ሳይቆይ ቀበሌ የራሱ አብዮት ጥበቃ፣ የራሱ ፍርድ ሸንጎ፣ የራሱ እስር ቤት ኖረው። በቀይ ሽብር ዓመታት የጎንደር ክፍለ ሀገር አስተዳዳሪ የነበረው ሻለቃ መላኩ ተፈራ ስሙ ሲነሣ ዛሬም የሚያለቅሱ እናቶች አሉ። ያኔ የቀበሌ ሰው በር ሲያንኳኳ ልጅ ተወስዶ ይቀር ነበር። ኋላ በኢሕአዴግ ዘመን ደግሞ «አንድ ለአምስት» መጣ፤ ማዳበሪያውም፣ ምርጫውም፣ ወንጀል መከላከሉም በአንድ መዋቅር ሲወርድ ሰው የትኛው ለምን እንደሆነ መለየት አቃተው።

የአማራ ክልል ማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስም የበቀለው በዚህ መሬት ላይ ነው። ለየቀበሌው ፖሊስ ተመደበ፣ ከነዋሪው የተውጣጣ አማካሪ ምክር ቤት ተቋቋመ፣ «የቤተሰብ ፖሊስ» በሚል እያንዳንዱ ቤት የራሱን ሰላም እንዲጠብቅ ተጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ2013 የእንግሊዙ የባሕር ማዶ ልማት ተቋም ስለዚሁ የክልሉ አሠራር ባወጣው ጥናት ሁለት ነገር ጎን ለጎን አስቀመጠ፦ ነዋሪዎች ሰላማቸው መሻሻሉን ይናገራሉ፤ መዋቅሩ ደግሞ መንግሥት ሕዝቡን የሚቆጣጠርበት ክንድ ሆኗል። ሁለቱም እውነት ነው ብዬ አምናለሁ። አንዱን ብቻ የሚነግረን ሰው ግማሹን ደብቆናል።

ታዲያ ጠቋሚነት ካልሆነ ምንድን ነው? ነዋሪውና ፖሊሱ አንድን ችግር ለይተው፣ ለምን እዚያ ቦታና በዚያ ሰዓት እንደሚፈጠር መርምረው፣ ምክንያቱን የሚያስወግዱበት አሠራር ነው። የብሎክ 4 ደረጃ ላይ ሐሺሽ ይሸጣል እንበል። ጠቋሚነት የልጁን ስም ለፖሊስ ሰጥቶ እዚያ ላይ ያቆማል። ኮሚዩኒቲ ፖሊሲንግ ይቀጥላል፦ አምፖሉን ማን ይቀይር? የኮሚዩናሉ ቁልፍ ለማን ይሰጥ? ባዶው ቤት የማን ነው፣ ባለቤቱስ ለምን አይጠራም? ማኅበሩ ለዘበኛ የሚሆን መዋጮ ለምን መሰብሰብ አቃተው? ሐሺሹን የሚያመጣው ሰው ማን ነው፣ ልጁንስ ከዚህ ማን ያወጣዋል? ከነዚህ ውስጥ እስር የሚያስፈልገው ምናልባት አንዱ ነው።

ለመናገር የሚፈራ ሰውም መብት አለው። በከባድ ወንጀሎች ላይ ምስክርነት ወይም ጥቆማ የሚሰጥ ሰው የሚጠበቅበት አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ። በሰፈር ደረጃ ግን ዋናው ጥበቃ ቀላል ነገር ነው፦ ስሙ ከፖሊሱ አፍ አለመውጣቱ። አንድ ጊዜ ስም ከወጣ ያ ሰፈር ለዓመታት ይዘጋል።

«አባቶቻችን አውጫጭኝ ነበራቸው፤ የውጭ ትምህርት አያስፈልገንም»

ደጋው ላይ፣ በወገራ፣ በዳባት፣ በደባርቅ፣ ሌባ ወይም ነፍሰ ገዳይ ሲሰወር አገሬው ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪወጣ ተቀምጦ ይውል ነበር። አውጫጭኝ እንዲህ ነበር፤ ሰውን ሁሉ ያገባኛል እንዲል አድርጓል፣ ይህ ሊከበር ይገባዋል። ነገር ግን ጉባኤው እንዲበተን ሲባል ደካማው ወይም መጤው ላይ ጣት መቀሰሩ የማይቀር ነው። በድሮው ሌባ ሻይ ደግሞ አንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው ይለቁታል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። ዛሬ ማንም ይመለስ የሚል አይመስለኝም።

ከአባቶች የሚወሰደው ሽምግልና ነው። ደም የተቃባን ደም አድርቀው የሚያስታርቁ የደጋ ሽማግሎች፣ ጠበኛ የሰፈር ልጆችን የሚያቀራርብ የእድር ዳኛ፣ ልጁን ከመጥፎ ጓደኛ የሚያላቅቅ የንስሐ አባት ወይም ሼህ ፖሊስ የማይደርስበት ቦታ ይደርሳሉ። ገደብም አለው። የተደፈረች ልጅ ጉዳይ በእርቅ አያልቅም፤ ሐሺሽ የሚያከፋፍል ሰውም «ይቅር በሉኝ» ብሎ ለሽማግሎች በሬ በማረዱ ንግዱን አይተውም።

«መዋቅሩ ከተዘረጋ ወንጀል ይቀንሳል»

ይህኛው የቢሮ ተረት ነው። ሪፖርት ላይ የተቋቋመው ኮሚቴ ብዛት ይጻፋል፣ የተካሄደው መድረክ ይጻፋል፣ ሥራው እንደተሠራ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ2021 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ ትልቅ ጥናት ኮሚዩኒቲ ፖሊሲንግን በብራዚል፣ በኮሎምቢያ፣ በላይቤሪያ፣ በፓኪስታን፣ በፊሊፒንስና በኡጋንዳ ፈትኖታል። ወንጀል አልቀነሰም፤ ሕዝቡ በፖሊስ ላይ ያለው እምነትም አልጨመረም። ተመራማሪዎቹ ያነሷቸው ምክንያቶች ለኛ እንግዳ አይደሉም፦ የበላይ አለቆች ከልብ አልያዙትም፣ ፖሊሶቹና አለቆቻቸው ቶሎ ቶሎ ይቀያየራሉ፣ ሕዝቡ ላቀረበው አቤቱታ መልስ የሚሰጥበት በጀትና መኪና አልነበረም። በአንጻሩ አንድን ችግር ለይቶ መንስኤውን የሚያስወግድ የፖሊስ አሠራር ላይ የተሠሩ 34 ጥናቶችን ያሰባሰበ እ.ኤ.አ. የ2020 ግምገማ ወንጀል በአማካይ በ34 በመቶ ገደማ መቀነሱን አግኝቷል። ሰውን መሰብሰብና ችግሩን መፍታት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

ክልሉ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀበት ወዲህ በግጭት ውስጥ ቆይቷል፤ ፖሊስም ከሰፈር ሥራ ይልቅ በጸጥታ ስምሪት ተይዟል። ጎንደርም ሆነች ደባርቅ ሰላም እስኪወርድ ሁሉንም ማድረግ አይችሉም። አንድ ብሎክ፣ አንድ ግቢ፣ አንድ ጨለማ ጥግ መርጦ መጀመር ግን ይቻላል።

ስለዚህ በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ «ተባብረን እንሥራ» ሲባል ከማጨብጨብ በፊት ይጠየቅ፦ ለሰፈራችን የተመደበው ፖሊስ ማን ነው፣ ስልኩስ? ምን ያህል ጊዜ እዚህ ይቆያል? ባለፈው ስብሰባ የተነገረው ጥግ መብራት ገባለት? ተይዞ የተወሰደው ልጅ ፍርድ ቤት ቀረበ ወይስ ተለቀቀ? መልስ ካልተገኘ ጥያቄው በቃለ ጉባኤ ይስፈር፤ በሚቀጥለው ወርም የመጀመሪያው አጀንዳ ይሁን።