ጅራፍ፣ ስዕልና ችቦ በገዛ እጅ

በአገራችን ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ያለው ጊዜ ለልጆች የሥራ ወቅት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው። መስከረም 1 እንቁጣጣሽ ነው። መስከረም 16 ማታ ደመራ ይለኮስና በማግስቱ መስቀል ይሆናል። 40 በማይሞሉ ቀናት ውስጥ ሦስት ትልልቅ በዓላት ይመጣሉ ማለት ነው፤ ሦስቱም በእጅ የሚሠራ የየራሳቸው ነገር አላቸው። ለቡሄ ጅራፍ ይገመዳል፣ ለእንቁጣጣሽ ስዕል ይሣላል፣ ለዘመን መለወጫ ዋዜማና ለደመራ ችቦ ይታሰራል።

አሁን አሁን ግን ሦስቱም ተሠርተው የሚገዙ ሆነዋል። ችቦው ታስሮ መንገድ ዳር ይደረደራል፣ ጅራፉ ተገምዶ ገበያ ይወጣል፣ ስዕሉ ደግሞ በማተሚያ ማሽን በሺህ እየተባዛ ይመጣል። ችቦና ጅራፍ የሚሸጡት ሰዎች እንጀራቸው ስለሆነ በነሱ ላይ የምለው የለኝም። ጥያቄዬ በተለይ በታተመው ስዕል ላይ ነው። ለምን እንደሆነ ቦታው ላይ ስንደርስ እመለስበታለሁ። በቅድሚያ ግን በቅደም ተከተሉ ከጅራፍ እንጀምር።

«ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል» የሚለውን ተረት የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ጥፋተኛ ሆኖ ሳለ ቀድሞ ለሚያለቅስ ሰው ነው የምንተርተው። የሚገርመው ግን ተረቱ ከሳይንሱ ጋር መግጠሙ ነው። ጅራፍ ሲጮህ ምንም ነገር አልመታም፣ አየር ላይ ነው ያለው። ታዲያ ድምፁ ከየት መጣ? ጅራፍ ከመያዣው በኩል ወፍራም ሆኖ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል። ክንዳችንን ወርውረን ስንመልሰው በገመዱ ላይ የሚሄደው እጥፋት ወደ ቀጭኑ ክፍል በደረሰ ቁጥር ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ምክንያቱም ያው ጉልበት የሚገፋው ክብደት እየቀነሰ ነው። በመጨረሻ ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት ይበልጣል፤ ይህም በሰከንድ 340 ሜትር አካባቢ ነው። ያ «ጧ!» የሚለው ድምፅ እንግዲህ ከድምፅ በፈጠነ ነገር የተሰነጠቀ አየር ነው። የቤተ ክርስቲያን መምህራን የጅራፉን ድምፅ በደብረ ታቦር ከተሰማው ድምፅ፣ የቡሄን ችቦ ደግሞ በዚያ ከታየው ብርሃን ጋር አያይዘው ያስተምራሉ።

ይህን ካወቅን አሠራሩ ቀላል ነው። ዋናው ነገር ማቅጠን ነው። አንድ እቅፍ ቃጫ ውሰዱና ለግማሽ ሰዓት ያህል ውሃ ውስጥ ንከሩት፤ ደረቅ ቃጫ እጅ ይቆርጣል፣ ለመጎንጎንም አይመችም። ከዚያ እኩል ሦስት ቦታ ከፍላችሁ አንዱን ጫፍ ሚስማር ላይ እሰሩና እንደ ፀጉር ጎንጉኑ። በየአንድ ስንዝሩ ከሦስቱም ነዶ ጥቂት ጥቂት ክር እየቀነሳችሁ ሂዱ። የሚቀነሰውን ክር በአንድ ቦታ አትቁረጡት፤ አንዱን እዚህ፣ ሌላውን ትንሽ ዝቅ ብሎ ካልሆነ ጅራፉ እዚያው ላይ ይበጠሳል። ርዝመቱ ከልጁ ቁመት አንድ ጊዜ ተኩል ቢሆን ይበቃል። ጫፉ ላይ አንድ ስንዝር የሚሆን በደንብ የተፈተለ ቀጭን ክር ይታሰርና መጨረሻው ይቋጠራል። ቶሎ የሚያልቀው ይህ ክር ስለሆነ በየቀኑ ይቀየራል። መያዣው አንድ ክንድ የሚሆን ዱላ ነው፤ ዱላው ጫፍ ላይ ዙሪያውን ቦይ ካልተቆፈረለት ገመዱ እየተንሸራተተ ይወልቃል።

በቃጫ ፋንታ ልጥ የሚጠቀሙም አሉ፣ ጥሩም ይሠራል። ሆኖም ከቆመ ዛፍ ላይ ዙሪያውን ልጥ መላጥ ዛፉን መግደል ነው፤ ቅጠሉ የሠራው ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው በልጡ በኩል ነውና። የተቆረጠ ቅርንጫፍ ካለ ከዚያ ላይ ይላጥ። ስለ አደጋውም አንድ ነገር ልበል። የጅራፍ ጫፍ ዓይን ካገኘ ያጠፋል። የሚያጮኸው ልጅ ብቻውን ሜዳ መሃል ይቁም፣ ሌሎቹ ከጅራፉ ርዝመት ሁለት እጥፍ ራቅ ይበሉ።

ወደ ስዕሉ እንሂድ። እንደሚታወቀው በእንቁጣጣሽ ሴቶቹ ልጆች አበባና ቄጤማ ይዘው አበባየሆሽ እያሉ ሲዞሩ፣ ወንዶቹ የሣሉትን ስዕል ለጎረቤትና ለዘመድ ያድላሉ፤ ተቀባዩም እንደ አቅሙ ሳንቲም ወይም ብር ይሰጣል። ልብ በሉ፣ ይህ የሚሆነው ትምህርት ቤት ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ለብዙ ልጅ የዚያ ቀን ገቢ ደብተርና እስክሪብቶ ማለት ነው።

በሰፈራችን አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ አለ። እናቱ እንጀራ ጋግረው በመሸጥ ነው የሚያሳድጉት። ከሁለት ዓመት በፊት ስዕል ልሣል ቢል ጓደኞቹ የሳቁበት መሰለውና ከአንድ ሱቅ የታተመ ካርድ በዱቤ ወሰደ። በበዓሉ ቀን እሱ በሄደበት ቤት ሁሉ ሌላ ልጅ ያንኑ ካርድ ይዞ ቀድሞታል። ያው መልአክ፣ ያው አበባ፣ ያው ጽሑፍ። አንዳንዱ ሰው «አለኝ» ብሎ መለሰው። የተረፈውን ባለ ሱቁ አልቀበልም አለ፣ ዓመተ ምሕረቱ ታትሞበታልና ለሚቀጥለው ዓመትም አይሆንም። የልጁ ትርፍ ዱቤውን ከፍሎ አለቀ። ባለፈው ዓመት ግን በእጁ ሣለ፤ ስዕሎቹ አንዱ ካንዱ ስለማይመሳሰሉ ሰው መርጦ ነበር የሚወስድለት። ደብተሮቹን እናቱን ሳይጠይቅ ገዛ። በታተመው ስዕል ላይ ጥያቄ አለኝ ያልኩት ለዚህ ነው። የታተመ ካርድ የያዘ ልጅ ሠሪነቱ ቀርቶ ያለ ካፒታል ነጋዴ ይሆናል።

ታዲያ መሣል የማይችለውስ? እሱም ዘዴ አለው። አንድ ኤፎር ወረቀት ሁለት ጊዜ አጥፋችሁ ብትቀዱት አራት እኩል ካርድ ይወጣዋል። 10 ወረቀት ማለት 40 ስዕል ነው፣ ለአንድ ሰፈር ከበቂ በላይ ነው። ካርዱን በቁሙ መሃል ለመሃል እጠፉት። በግማሹ ላይ ብቻ ለስላሳ እርሳስ አጥብቃችሁ ግማሽ ፊት፣ ግማሽ ክንፍ ወይም ግማሽ አበባ ሣሉ። ከዚያ እንደገና አጥፋችሁ ከጀርባው በማንኪያ ስትፈትጉት እርሳሱ በሌላው ግማሽ ላይ ያርፋል። ስትገልጡት ሁለት ዓይኑ እኩል የሆነ መልአክ ታገኛላችሁ። በነገራችን ላይ ይህ ዘዴ ከአገራችን የቤተ ክርስቲያን ስዕል ወግ ጋርም ይስማማል፤ በዚያ ወግ ቅዱሳን ፊት ለፊት ሁለት ዓይናቸው እየታየ ይሣላሉ፣ በጎን በአንድ ዓይን የሚሣሉት ክፉዎቹ ናቸው። አንድ የተዋጣ ስዕል ካላችሁ ደግሞ የመስኮት መስታወት ላይ ለጥፋችሁ በላዩ ሌላ ወረቀት በማድረግ ቀን በብርሃን መገልበጥ ይቻላል።

ቀለም መግዛት የግድ አይደለም። ማዕድ ቤት ግቡ። አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ በግማሽ ሲኒ ሙቅ ውሃ በጥብጣችሁ በጨርቅ ብታጠሉት የአደይ አበባ ቢጫ ይሰጣችኋል። ከዚሁ ቢጫ ላይ ትንሽ ከፍላችሁ የሳሙና ውሃ ጠብ አድርጉበት፤ ዓይናችሁ እያየ ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል። (ልጆች ይህን ሲያዩ ስዕሉን ትተው እሱን ብቻ ሲሠሩ ይውላሉ፣ ተጠንቀቁ።) ወፍራም ቡና ቡናማ ነው። የድስት ቂጥ ጥላሸት ጥቁር ነው። ቀይ ሥር መጀመሪያ ላይ ሲታይ ያጓጓል፣ ግን ቀለሙ ቶሎ ይደበዝዛል፤ እኔ አልመክረውም። እርድም ቢሆን ፀሐይ አይችልምና ስዕሉ የሚሰቀለው ፀሐይ በማያገኘው ግድግዳ ላይ ይሁን። ከሱቅ አንድ ሰማያዊ የውሃ ቀለም ብቻ ብትገዙ ከእርዱ ጋር ቀላቅላችሁ አረንጓዴ ታወጣላችሁ። ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ይዞ እንዲቀር የግራር ሙጫ በውሃ አሟሙታችሁ ጨምሩበት፤ በተለይ ጥላሸት ያለ ሙጫ ሲደርቅ በእጅ ይለቃል። ጥቁሩ መስመር ሁልጊዜ መጨረሻ ነው፣ ያውም ሌላው ሲደርቅ።

በስዕሉ ጀርባ ምን ይጻፋል? የታተሙት ካርዶች ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው የሚጽፉት። በእጅ የሚሠራ ግን ለተቀባዩ ይጻፋል። ለጓደኛ «እንኳን አደረሰህ»፣ ለታላቅ «እንኳን አደረስዎ» ነው። ትልልቆቹን ሰዎች የበለጠ የሚያስደስታቸው ደግሞ ዘመኑ በወንጌላዊው ስም ሲጠራ ነው፤ እንኳን ከዘመነ እገሌ ወደ ዘመነ እገሌ አሸጋገረዎ ይባላል። ወንጌላዊውን ለማወቅ ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍሉ። 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። ለምሳሌ 2017ን ብናካፍል 1 ይተርፋል፣ ስለዚህ ዘመነ ማቴዎስ ነበር። ጳጉሜ 6 ቀን የምትሆነውም በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ነው።

ችቦው ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም፣ ደረቅ እንጨት ካለ ግማሹ ሥራ አልቋል። ችግሩ ክረምት መሆኑ ነው። ስለዚህ ጭራሮው ከነሐሴ መጀመሪያ ጀምሮ ተለቅሞ ዝናብ በማይነካውና ሙቀት በሚያገኘው ቦታ መቀመጥ አለበት። ከአውራ ጣት የማይወፍሩ ቀጫጭን እንጨቶች ተመርጠው፣ በአንድ እጅ ሊጨበጥ በሚችል ውፍረት፣ በየስንዝሩ ይታሰራሉ። በጣም አጥብቆ ማሰር ጥሩ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ በእንጨቶቹ መካከል አየር ካልገባ ችቦው ይጨሳል እንጂ አይነድም። በደረቅ ገመድ ወይም በፕላስቲክ ሲባጎም አትሰሩ። እሳቱ ገመዱን ሲበላው የሚነደው እንጨት ተበትኖ እግር ላይ ይወድቃል፣ ፕላስቲኩ ደግሞ እየቀለጠ እጅ ላይ ይንጠባጠባል። እርጥብ ልጥ ወይም ቀጭን ሽቦ ይሻላል። የታችኛው አንድ ክንድ ያህል መያዣ ነውና እሳቱ እዚያ ሳይደርስ መሬት ላይ ይቀመጥ።

ቤንዚን ወይም ላምባ ላዩ ላይ ማርከፍከፍ በፍጹም አይደረግም። አንዳንድ ጎረምሶች ቶሎ እንዲያያዝ ብለው ያደርጉታል፤ ቤንዚን ግን ከመነካቱ በፊት እንፋሎቱ ይያያዝና የሚለኩሰውን ሰው ፊት ይልሳል። ጥቂት ደረቅ ሣር ወይም ወረቀት ጫፉ ላይ መሰካት ይበቃል።

ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ይህን ሲያነብ «የት ላበራው?» ማለቱ አይቀርም። በረንዳ ላይ አይሆንም፣ ደረጃ ላይም አይሆንም። በአንዳንድ ብሎኮች ነዋሪው አንድ ረዘም ያለ ችቦ በጋራ አሠርቶ ታች ግቢው ውስጥ በአንድነት ያበራል፤ የአንድ ባልዲ አሸዋና የአንድ ባልዲ ውሃ ኃላፊነት ለሁለት ሰው ይሰጣል። ከመኪና ማቆሚያውና ከተሰጣ ልብስ መራቅ ብቻ ነው የሚጠይቀው። እንዲያውም በየግሉ ከማብራት ይልቅ እንዲህ ሲሆን የማይተዋወቁ ጎረቤቶች ይተዋወቃሉ።

ችቦው ካለቀ በኋላ የቀረውን ፍም በውሃ አጥፉት እንጂ ገንዳ ውስጥ አትጣሉት፤ ሌሊቱን ሙሉ ውስጥ ውስጡን ሲጤስ ያድራል። ጠዋት ሲቀዘቅዝ ከሰሉን ለቀም አድርጋችሁ በመጠቅለያ ብታስቀምጡት ተወቅጦ ከሙጫ ጋር ለሚመጣው ዓመት ስዕል ጥቁር ቀለም ይሆናል፤ ከጥላሸቱ ይልቅ እሱ ለእጅ ይመቻል።