ሕፃኑን በየትኛው ክንድ?

እናቶች፤ ልጃችሁን ስታቅፉ በየትኛው ክንዳችሁ ላይ ታስቀምጡታላችሁ? አብዛኞቻችን በግራ ነው። ቀኝ እጅ ወጥ ያማስላል፣ በር ይከፍታል፣ የታክሲ ሒሳብ ይከፍላል። ልጁ ግን በግራ ክንድ ላይ፣ ከልብ ትርታ አጠገብ ይውላል። ነገሩ ተራ ይመስላል እንጂ፣ ከ500 ዓመት ገደማ በፊት በሀገራችን በዚሁ ጉዳይ ቁጣ ተነሥቶ እንደ ነበር ተጽፏል።

ያስቆጣው ኒኮሎ ብራንካሌዮን የተባለ የቬኒስ ሠዓሊ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግድም ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፣ መርቆሬዎስ ተብሎ ለነገሥታቱ ሲሥል ኖረ። በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. የፖርቱጋል መልእክተኞች ሲመጡ እዚሁ አርጅቶ አገኙት። ተጓዡ ጄምስ ብሩስ እንደ ጻፈው፣ ይህ ሰው እመቤታችንን ልጇን በግራ ክንዷ እንደ ታቀፈች አድርጎ ቢሥላት ሕዝቡ ክብሯን የነካ መስሎት ተቆጣ። ግራ እጅ የክብር እጅ አይደለማ! ዛሬም ቢሆን ለታላቅ ሰው ብርጭቆ በግራ እጁ የሚያቀብል ልጅ ከእናቱ ቁንጥጫ አያመልጥም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ግን ከሮም የመጣ አንድ ሥዕል አርአያ ሆነና፣ ልጇን በግራ ክንዷ የያዘችው እመቤታችን በየአብያተ ክርስቲያናቱ ተሣለች። ዛሬ በየቤታችን ግድግዳ ላይ ያለችውም ብዙውን ጊዜ እሷው ናት።

ይህን ታሪክ በልቤ ይዤ ነው በ2024 እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር ቬኒስ የደረስኩት። ከ1895 ጀምሮ በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ትርኢት ላይ ኢትዮጵያ በስሟ የራሷን አዳራሽ ስትከፍት ያ ዓመት የመጀመሪያዋ ነበር። የዚያ ዓመት ትርኢት ርእስ «ባዕዳን በየሥፍራው» የሚል ነበር።

አስቀድሜ የሄድኩት ፍራሪ ወደሚባለው ቤተ ክርስቲያን ነው። በዕቃ ቤቱ ውስጥ ጆቫኒ ቤሊኒ በ1488 የሠራው ባለ ሦስት ክፍል ሥዕል አለ፤ ብራንካሌዮን በእኛ ሀገር ብሩሹን በሚያነሣበት ዘመን ግድም መሆኑ ነው። ሕፃኑ በእናቱ ጉልበት ላይ ቆሟል፤ እሷም እንዳይወድቅ ደግፋዋለች። እንደ ንግሥት ዙፋን ላይ ተቀምጣ ሳለ እጇ ግን የማንኛዋም እናት እጅ ነው። ሁሉም በየቦታው ጸጥ ብሏል። ለረጅም ጊዜ ቆሜ አየሁት።

ከዚያ ተነሥቼ ካስቴሎ ወደሚባለው ሠፈር በእግር ሄድኩ። ቬኒስ ውስጥ መኪና የለም፤ ድልድዩን መውጣት መውረድ ነው። (ልጅ ታቅፋ የምትሄድ እናት እዚያ ከተማ ምን ትሆን እንደሆነ ማሰቤ አልቀረም።) ፓላዞ ቦላኒ በተባለው ጥንታዊ ቤት ውስጥ የተስፋዬ ኡርጌሣ ሸራዎች ተሰቅለው ነበር።

ተስፋዬ በ1983 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ተወልዶ በአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማረ፣ ከዚያም ጀርመን ሀገር ሽቱትጋርት ተምሮ ለዓመታት እዚያው የኖረ ሠዓሊ ነው። በ2022 ወደ አዲስ አበባ ተመልሷል። በሸራዎቹ ላይ ሰዎቹ ተደራርበዋል፣ ተጠላልፈዋል፤ የማን እጅ የማን እግር መሆኑን ለመለየት ያስቸግራል። በአንድ ክፍል ቤት ስድስት ሰባት ሆኖ ያደረ ሰው ይህን ሥዕል አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ገላቸው የተራቆተ በመሆኑ ሳሎኔ ውስጥ ልስቀለው ብል አማቴ ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ። ዓይኖቹ ግን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ዓይኖች ናቸው፤ ተመልካቹን ቀና ብለው ያያሉ። ከቤሊኒ ጸጥታ በኋላ ይህን ማየት ያስጨንቃል፤ እኔ ግን የቀረበኝ ይኸኛው ነው። ቤሊኒ እናት ልትሆን የምትመኘውን ሥሏል፤ ተስፋዬ ደግሞ ሌሊት የምትሆነውን።

ትርኢቱን ያዘጋጀው ባለቅኔው ለምን ሲሳይ ነው። የእሱን ታሪክ ሳያውቁ ያንን አዳራሽ ማየት ጎዶሎ ይመስለኛል። እናቱ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ለትምህርት እንግሊዝ ሀገር ሄዳ ወለደችው፤ ለጥቂት ጊዜ ብቻ እንዲያሳድጉላት ሰጠች። መልሱልኝ ብትል ግን አልተመለሰላትም። ልጁ በሌላ ስም በአሳዳጊ ቤተሰብና በሕፃናት ማሳደጊያ አደገ፤ እውነተኛ ስሙን ያወቀው ለአካለ መጠን ሲደርስ ነው። ለማን ቤት ማን ባዕድ እንደሆነ የሚጠይቁ ሸራዎችን እንዲሰቅል እሱ መመረጡ ተገቢ ነው።

ቬኒስ ለአብዛኞቻችን ሩቅ ናት። ብራንካሌዮን እንደ ሠራቸው የሚታመኑ ሥዕሎች ግን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ስድስት ኪሎ፣ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ስብስብ ውስጥ ይገኛሉ። ሠዓሊው በአንዳንድ ሥራዎቹ ላይ ስሙን ጽፏል፤ ብዙዎቹ የዘመኑ ሠዓሊዎቻችን ስማቸውን አልጻፉም።