ስለ ቲማቲም ተክልና ምርቱ ሲበዛ ስለሚደረግለት ጥበቃ

በዛሬው ንግግሬ ላነጋግራችሁ ያሰብሁት ስለ ቲማቲም ነው። ነገሩ ለብዙዎቻችሁ ከጽሕፈት ቤት ሥራ የራቀና የአትክልተኛ ጉዳይ ብቻ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ነገር ግን በወር ደመወዝ የሚተዳደር ሰው ሁሉ ቲማቲም በአንዱ ወር እጅ የሚያቃጥል ሆኖ፣ በሌላው ወር ደግሞ በመንገድ ዳር ተቆልሎ የሚያነሣው ሲያጣ አይቷል። ስለዚህ የዚህን ምክንያት መመርመር ኪስንም ጤናንም የሚነካ ነገር ነው።

ለምሳሌ የምንወስደው አገር ሸዋ ሮቢትና የይፋት ቆላ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ መንገድ የሚሄድ ሰው የደብረ ብርሃንን ብርድ አልፎ፣ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጣርማ በር ይደርሳል። በኢጣልያ ወረራ ዘመን የተፈለፈለውን ዋሻ ካለፈ በኋላ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ወርዶ፣ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በሸዋ ሮቢት ይገባል። ከተማዪቱ ያለችበት ከፍታ 1280 ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ በጧት ካፖርት ለብሶ የተነሣው መንገደኛ እዚህ ሲደርስ ኮቱን አውልቆ በክንዱ ያንጠለጥላል። የሮቢ፣ የጀውሃና የአታዬ ወንዞች ከምዕራቡ ተራራ እየወረዱ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ሲያልፉ ይህን ሜዳ ያጠጡታል፤ ገበሬውም ከማሽላውና ከማሾው ሌላ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ያመርታል።

የይፋት ምድር ፍሬያማ መሆኗ የታወቀው ዛሬ አይደለም። በ14ኛው መቶ ዓመት በካይሮ ቤተ መንግሥት ያገለግል የነበረው ጸሐፊ አል ዑመሪ ስለ ይፋት ሲጽፍ እህሏንና ፍራፍሬዋን ጠቅሷል። ቲማቲም ግን በዚያ ዘመን ሊኖር አይችልም ነበር፤ የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ሲሆን፣ የሜክሲኮ ነባር ሕዝብ «ቶማትል» እያለ ያለማው ነበርና ነው። እስፓኞሎች ወደ አውሮፓ ካመጡት በኋላ ማቲዮሊ የተባለ የኢጣልያ ሐኪም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1544 ዓ.ም. ስለ እርሱ ጻፈ። አውሮፓውያን ለረዥም ጊዜ መርዝ ነው ብለው ፈርተውት ነበር። ፍርሃታቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ተክሉ መርዘኛ ዘመዶች አሉት። ዐረቦች «ጠማጢም» ይሉታል፤ የእኛም አጠራር ወደዚያው የተጠጋ መሆኑን ጆሮ ያለው ሰው ያስተውለዋል።

የተክሉን ዘመዶች ማወቅ ለሥራም ይጠቅማል። በርበሬ፣ ድንች፣ ደበርጃንና ትምባሆ ከቲማቲም ጋር የአንድ ቤተ ሰብ ልጆች ናቸውና የአንዱ በሽታ ሌላውን ይይዛል። በዚህ ምክንያት አምና በርበሬ ወይም ድንች በነበረበት መደብ ላይ ዘንድሮ ቲማቲም መትከል አይገባም፤ ሦስት ዓመት ያህል ቦታ ማፈራረቅ ይሻላል። ሸዋ ሮቢት ለብዙ ዘመን ትምባሆ የተመረተባት አገር መሆኗን ስናስብ ይህ ምክር ለዚያ ስፍራ ሰው ይበልጥ ይስማማዋል። ሲጋራ የሚያጤሱ ሰዎችም ችግኙን ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። ቅጠሉን የሚያዥጎረጉረው የትምባሆ በሽታ ከሲጋራው በእጅ ተላልፎ ወደ ቲማቲሙ ይገባልና ነው። (ማጤሱን ቢተዉት ደግሞ ከቲማቲሙ ይልቅ ራሳቸው ይጠቀማሉ።)

አሁን ወደ ተከላው እንሂድ። ወደ ሸዋ ሮቢት ተዛውሮ በተከራየው ቤት ጓሮ ጥቂት መሬት ያገኘ የመንግሥት ሠራተኛ ዘሩን በመስከረም በመደብ ላይ ይዘራል። አራት ወይም አምስት ሳምንት ሲሞላውና ችግኙ ከሦስት እስከ አምስት ቅጠል ሲያወጣ፣ በሠርክ ፀሐይ ስትበርድ ያዛውረዋል። በችግኝና በችግኝ መካከል 30 ሳንቲ ሜትር፣ በመስመርና በመስመር መካከል 1 ሜትር ይተዋል። ግንዱን እስከ ታችኛው ቅጠል ድረስ በአፈር መቅበር አያስፈራም፤ የቲማቲም ግንድ አፈር የነካው ስፍራ ሁሉ ሥር ያወጣል። ከተዛወረ ከ75 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ፍሬው መቅላት ይጀምራል፤ ይህም ወደ ጥር መሆኑ ነው።

ወራቱን መምረጥ የሚያስፈልገው አበባው ሙቀትም ብርድም ስለማይወድ ነው። ቀኑ ከ32 ዲግሪ ሲያልፍና ሌሊቱም ሲሞቅ፣ አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል። ስለዚህ በይፋት ቆላ በግንቦትና በሰኔ እንዲያብብ አድርጎ መትከል ድካም ብቻ ነው። በአዲስ አበባ ደግሞ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት አበባውን ያቆረፍደዋል፤ በክረምትም ዝናቡ ቅጠሉን በእሳት የተለበለበ የሚያስመስል በሽታ ያመጣበታል። ይኸው በሽታ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1845 ዓ.ም. ጀምሮ የአየርላንድን ድንች አጥፍቶ ያን ታላቅ ረኃብ ያስከተለው ነው። ጓሮ የሌለው የአዲስ አበባ ሰው ሥሩ በተበሳ በ20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ አንድ አንድ ችግኝ ተክሎ፣ ፀሐይ በሚያገኝና ዝናብ በማይመታው በረንዳ ላይ ቢያኖረው ያፈራለታል።

ውሃው በጧት ከሥሩ ይጠጣ እንጂ በቅጠሉ ላይ አይርከፍከፍ። አንድ ሳምንት አስጠምቶ በአንድ ቀን ማጥለቅለቅም ትልቅ ጉዳት ነው፤ ፍሬው ይሰነጠቃል፣ ወይም ቂጡ ይጠቁራል። ይህን የቂጥ ጥቁረት ብዙ ሰው በሽታ ነው ብሎ መድኃኒት ይረጭበታል፤ ነገሩ ግን ውሃው ወጥ ባለመሆኑ ካልሲየም የሚባለው ማዕድን ወደ ፍሬው ሳይደርስ መቅረቱ ነውና መድኃኒቱ አይፈውሰውም። እውነተኛው የዘመናችን ጠላት ቱታ አብሶሉታ የምትባለው ትንሽ የእሳት እራት ናት። ከደቡብ አሜሪካ ተነሥታ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ዓ.ም. እስፓኝ ገባች፤ በእኛ አቆጣጠር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታትም ወደ አገራችን ደረሰች። ትሏ በቅጠሉ ሁለት ገጽ መካከል እየበላች ነጫጭ ጉድጓድ ታወጣለች፤ ቀጥሎም ፍሬውን ትበሳለች። በጓሮ ደረጃ የሚበጀው የተበላውን ቅጠል በየቀኑ እየለቀሙ ማቃጠል ነው።

የዘሩን ዓይነት በሚመለከት፣ በመልካሳ የግብርና ምርምር ማእከል ከወጡት ዝርያዎች መካከል መልካ ሾላና መልካ ሳልሳ የታወቁ ናቸው፤ ሁለተኛው ስሙ እንደሚናገረው ለሳልሳ የታሰበ ነው።

እንግዲህ ስለ ጥጋቡ እንነጋገር። ሰው በቲማቲም ብዛት የሚጨነቀው በለቀማው ቀን ይሁን እንጂ ጭንቀቱ የተዘራው በመስከረም ነው። ነገሩን በቁጥር እንየው። በደንብ የተያዘ አንድ ተክል ከ2 እስከ 4 ኪሎ ፍሬ ይሰጣል። ችግኝ ርካሽ ነው ብሎ 30 ችግኝ በአንድ ቀን የተከለ ሰው፣ በጥር ወር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ60 ኪሎ የማያንስ ቲማቲም ይደርስበታል። ስድስት ነፍስ ያለው ቤት ይህን በልቶ አይጨርሰውም፤ ጎረቤቱም የተከለው በዚያው ሰሞን ነውና ስጦታውን አይፈልግም። ይህ ሰው በየሦስት ሳምንቱ ስምንት ስምንት ችግኝ ቢተክል ኖሮ፣ ገበታው ከጥር እስከ ሁዳዴ ጾም ፍጻሜ ቲማቲም ባላጣ ነበር።

በጓሮ የሚሆነው ይህ ነገር በሰፊው የመስኖ ማሳ ሲሆን የቤተ ሰብ ዕዳ ይሆናል። የአንድ ሸለቆ ገበሬዎች ባንድ ሰሞን ተክለው ባንድ ሰሞን ሲለቅሙ ዋጋው ይወድቃል፤ ዋጋው የለቃሚውን ቀን ሙያ ሳይሸፍን ሲቀር፣ ለዘርና ለማዳበሪያ የተበደረ ሰው ፍሬውን በማሳው ላይ ጥሎት ይሄዳል። የጭነት መኪና አንድ ቀን ከዘገየ ደግሞ የቆላው ሙቀት አይምርም። በእንጨት ሣጥን እስከ አፉ ተጠቅጥቆ የጣርማ በርን ዳገት የሚወጣው ቲማቲም አዲስ አበባ ሲደርስ የታችኛው ረድፍ ጭማቂ ሆኖ ይገኛል፤ የዚህንም ኪሳራ በመጨረሻ የሚከፍሉት ገበሬውና እናንተ ገዢዎቹ ናችሁ። ስለዚህ ቲማቲም በረከሰበት ሳምንት አንድ ሣጥን ገዝቶ ማቆየት የሚችል ቤት ለራሱም ለገበሬውም ይጠቅማል።

ማቆየቱ ግን እንዴት ነው? እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይህ ነው፤ በርበሬን አድርቆ፣ ፈጭቶና አጣፍጦ ዓመት የሚያኖር፣ ሥጋን ቋንጣ፣ እንጀራን ድርቆሽ የሚያደርግ የአገራችን ቤት፣ የበርበሬን የቅርብ ዘመድ ቲማቲምን ሲያገኝ በሳምንት ውስጥ አበስብሶ ይጥለዋል።

በመጀመሪያ ትኩሱን እንያዝ። ፍሬው ገና ቅላት ሲጀምረው መልቀም ይቻላል፤ በቤት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይበስላል። በአንድ ረድፍ ተዘርግቶ፣ ከፀሐይ ተከልሎ ይቀመጥ። ያልበሰለ ቲማቲም በማቀዝቀዣ ሣጥን አይግባ፤ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን መብሰሉ ይቆማል፣ ጣዕሙም ይሞታል። ቶሎ እንዲቀላ የሚፈልግ ሰው ከበሰለ ሙዝ ጋር በወረቀት ከረጢት ያኑረው፤ ከሙዙ የሚወጣው ኤቲሊን የሚባል አየር ያበስለዋል።

ለይፋት ቆላ ከሁሉ የሚሻለው ማድረቅ ነው፤ ነዳጅ የማያስከፍል ፀሐይ አለና። የጠናውን ፍሬ ለሁለት ወይም ለአራት ሰንጥቆ፣ ጨው ነስንሶ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ንጹሕ ወንፊት ወይም ሰሌን ላይ መዘርጋትና ዝንብ እንዳያርፍበት በስስ ሻሽ መሸፈን ነው። ጤዛ እንዳያርሰው ማታ ማታ ወደ ቤት ይግባ። ሲታጠፍ እንደ ቆዳ ሆኖ እርጥበት ያላወጣው ደርቋል። ከዚያም በማሰሮ አድርጎ አንድ ሳምንት መመልከት ነው፤ በክዳኑ ላይ ወዝ ከታየ እንደገና ፀሐይ ይምታው። ቲማቲም ከመቶው 94 እጅ ያህል ውሃ ስለ ሆነ፣ ከ10 ኪሎ ትኩስ የሚገኘው ደረቅ ከአንድ ኪሎ ብዙም አይበልጥም፤ ቦታ የማይፈጅ ስንቅ ነው። ለወጥ ሲፈለግ በሙቅ ውሃ ይዘፈዘፋል።

ሁለተኛው መንገድ ድልህ ነው። በላይኛው አዋሽ የሚገኘው የሜርቲ ፋብሪካ በቆርቆሮ ያሸገው ድልህ በብዙ ቤት የታወቀ ነው፤ በቤትም ቢሆን ፍሬውን በፈላ ውሃ ግማሽ ደቂቃ ነክሮ ልጣጩን ገፍፎ፣ በወንፊት አጥልሎ፣ በዝግታ እሳት ላይ እያማሰሉ እስኪወፍር ማኖር ነው። ከአምስት ወይም ከስድስት ኪሎ አንድ ኪሎ ያህል ድልህ ይወጣል። ለረዥም ሰዓት ስለሚበስልና ቲማቲም ኮምጣጣ ስለ ሆነ በአሉሚኒየም ድስት ባይሆን መልካም ነው። በረዶ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ያለው ሰው ይህን በትንሽ በትንሽ ከፋፍሎ ያቁርረው፤ ከሁሉ የቀለለውና አደጋ የሌለው ይህ ነው።

በመስታወት ማሰሮ አሽጎ ከማቀዝቀዣ ውጭ ለማኖር የሚፈልግ ግን ልብ ብሎ ያንብበኝ። ይህን ጥበብ ኒኮላ አፔር የተባለ ፈረንሳዊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1810 ዓ.ም. በመጽሐፍ አሳተመው፤ መንግሥቱም 12000 ፍራንክ ሸለመው። በአፈር ውስጥ የሚኖር፣ አየር በሌለበት ሲዘጋ መርዝ የሚያበጅ ተሕዋስ አለ፤ የሚያመጣውም በሽታ ቦቱሊዝም ይባላል። መርዙ ሽታም መልክም ላያሳይ ይችላል፤ ሰውን ግን ይገድላል። የሚከለክለው ኮምጣጣነት ሲሆን፣ የአንዳንዱ ቲማቲም ኮምጣጣነት በቂ አይደለም። ስለዚህ ፍሬው ተልጦ፣ ተጨፍልቆና ፈልቶ በአንድ ሊትር ማሰሮ ሲገባ ከፋብሪካ የታሸገ የሎሚ ጭማቂ ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ ወይም ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሲትሪክ አሲድ ይጨመርበት። የጓሮ ሎሚ ኮምጣጣነቱ ከፍሬ ፍሬ ስለሚለያይ አይታመንም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አብረው አይታሸጉ፤ እነዚህ ኮምጣጣነቱን ይቀንሱታል።

የማፍላቱም ሰዓት እንደ አገሩ ከፍታ ነው። በአዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ፣ በሸዋ ሮቢት ደግሞ በ96 አካባቢ ነውና፣ በባሕር ጠረፍ ለሚኖር ሰው የተጻፈ መመሪያ ለእኛ አይበቃንም። ማሰሮው ሙሉ በሙሉ በውሃ ተሸፍኖ፣ ውሃው መፍላት ከጀመረ በኋላ በሸዋ ሮቢት 55 ደቂቃ፣ በአዲስ አበባ 60 ደቂቃ ይቆይ። ክዳኑ አዲስና አየር የማያስገባ ይሁን፤ የአሮጌ የማር ማሰሮ ክዳን ለዚህ አይሆንም። እንዲህ ያለ ክዳን ያላገኘ ሰው ማሸጉን ትቶ ወደ ፀሐዩ ይመለስ። የደረቀውንም ቢሆን ከነጭ ሽንኩርት ጋር በዘይት ነክሮ ከማቀዝቀዣ ውጭ አያኑር፤ ዘይቱ አየርን ስለሚዘጋ ያው አደጋ ይመለሳል።

ለከርሞ ዘር የሚፈልግ ከበሽታ ነጻ ከሆነው ተክል ላይ የበሰለውን ፍሬ መርጦ፣ ዘሩን ከነልጋጉ በብርጭቆ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ያቡካው፤ ከዚያ አጥቦ በጥላ ያድርቀው። ከሱቅ የተገዛ የዲቃላ ዘር ከሆነ ግን ልጁ አባቱን አይመስልም፤ በየዓመቱ አዲስ መግዛት ያስፈልጋል። የደረቀውንም ዘር በወረቀት ጠቅልሎ፣ የዝርያውን ስምና የለቀመበትን ወር ጽፎበት፣ እርጥበት በማይገባበት ስፍራ እስከ መስከረም ያስቀምጠው።