የሱቅ ካሜራ መቅጃ፤ ተዘጋጅቶ የመጣውን መግዛት ይሻላል ወይስ ማሠራት?

በድሬዳዋ ከተማ በከዚራም ሆነ በመጋላ፣ በታይዋንም ሆነ በሳቢያን ከባንኮኒው ራስ በላይ የጥበቃ ካሜራ መስቀል ለብዙ ባለ ሱቅ የተለመደ ነገር ሆኗል። ነጋዴው ካሜራውን ሲገዛ ስለ መነጽሩ ጥራትና ሌሊት ስለ ማየቱ አጥብቆ ይጠይቃል፤ ምስሉን ተቀብሎ ስለሚያስቀምጠው መቅጃ ግን ብዙ ጊዜ ጥያቄ አያነሣም። ይሁን እንጂ ክርክር በተነሣ ቀን የሚፈለገው መቅጃው ነው። ከመጋዘን ዕቃ ጎድሎ ሲገኝ፣ ደንበኛው «ከፍያለሁ» ሻጩ «አልተቀበልሁም» ሲባባሉ፣ ወይም የቀኑ ሒሳብ ከሣጥኑ ገንዘብ ጋር አልገጥም ሲል፣ ያለፈው ሳምንት ምስል ካልተገኘ ጥርጣሬው የሚያርፈው በሻጩ ላይ ነው። ንጹሕ ሠራተኛ ያለ ጥፋቱ ከእንጀራው ይነሣል፤ ጥፋተኛውም ዕድል ከቀናው በቦታው ይቀመጣል።

ለነጋዴው የሚቀርቡለት መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ታሽጎ የሚመጣው፣ በተለምዶ ዲ.ቪ.አር. የሚባለው ሣጥን ነው። ካሜራዎቹ በኔትወርክ የሚሠሩ ከሆኑ ኤን.ቪ.አር. ይባላል። ከነዚህ ሣጥኖች በሰፊው የታወቁት ሂክቪዥንና ዳሁዋ ሲሆኑ፣ የሁለቱም ዋና መሥሪያ ቤት ሃንግዡ በተባለችው የቻይና ከተማ ይገኛል። ሁለተኛው መንገድ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ወስዶ፣ ሰፊ ሀርድ ዲስክ ጨምሮ፣ የመቅጃ ፕሮግራም በመጫን ማሠራት ነው። ዞንማይንደርና ፍሪጌት የተባሉት ፕሮግራሞች ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው፤ ብሉ አይሪስ የተባለው ደግሞ ተከፍሎበት በዊንዶውስ ላይ ይሠራል።

ድሬዳዋ ለሁለቱም መንገድ እንግዳ አይደለችም። በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡር ሐዲድ ከደረሰባት ጊዜ አንሥቶ ከጅቡቲ ታሽጎ የሚመጣ ሣጥን ስትቀበል ኖራለች፤ ደግሞም በባቡሩ የጥገና ሥራ ቤት ብረት ቀጥቅጠውና መለዋወጫ አበጅተው ሎኮሞቲቭ ያስነሡ ባለ እጆች የወጡባት ከተማ ናት። ስለዚህ «እቤት የተሠራ ዕቃ አይረባም» የሚለው አነጋገር በዚህ ከተማ ብዙ ሰሚ የለውም፤ ሊኖረውም አይገባም።

ከሁሉ በፊት መታሰብ ያለበት ስንት ቀን ይቀመጣል የሚለው ነው። ሻጮች «አንድ ወር ይይዛል» ማለት ይወዳሉ። ሒሳቡ ግን ሌላ ይናገራል። በሰከንድ 4 ሜጋቢት የሚልክ አንድ ካሜራ በ24 ሰዓት ውስጥ 43 ጊጋባይት ያህል ቦታ ይይዛል። አራት ካሜራ 173 ጊጋባይት ያህል ማለት ነው። ስለዚህ ባለ 2 ቴራባይት ዲስክ በ11 ወይም በ12 ቀን ይሞላል፤ ከዚያም መቅጃው ከአሮጌው ምስል ጀምሮ እየሰረዘ በላዩ ይቀዳል። ካሜራዎቹ ስምንት ቢሆኑ ስድስት ቀን እንኳ አይሞላም። ኤች 265 የተባለው የምስል ማመቂያ ዘዴ ቦታውን ወደ ግማሽ ሊያወርደው ይችላል። የዕቃ ቆጠራውን በወር አንድ ጊዜ የሚያደርግ ባለ መጋዘን ግን ጉድለቱን ባወቀበት ቀን ምስሉ ቀድሞ ተሰርዞ እንዳይጠብቀው ዲስኩን በዚሁ ልክ መግዛት አለበት።

በዚህ ረገድ ኮምፒውተሩ ይበልጣል። ትንሹ ሣጥን ብዙ ጊዜ የሚቀበለው አንድ ዲስክ ብቻ ሲሆን፣ ኮምፒውተሩ ሦስትና አራት ሊይዝ ይችላል። ሣጥኑ ያለ ዲስክ የሚሸጥበት ጊዜም ስላለ ዋጋው ረከሰ ብሎ ከመደሰት በፊት ይህን መጠየቅ ይገባል። ያገለገለ ዲስክ ጸድቶ እንደ አዲስ የሚሸጥበት አጋጣሚም ስላለ፣ ገዢው ዲስኩ የሠራበት ሰዓት ብዛት የሚታይበትን ገጽ አስከፍቶ ሳያይ ገንዘብ አይቁጠር።

ነገሩን በእውነት የሚለየው ግን የመብራት ጉዳይ ነው። ትንሽ ሣጥን ከነዲስኩ 15 ዋት ያህል ይበላል፤ አራት ካሜራ ደግሞ 20 ዋት ያህል፤ በድምሩ 35። ያገለገለ ኮምፒውተር ብቻውን 80 ዋት ቢወስድ ከካሜራዎቹ ጋር 100 ይሆናል። አሁን መብራት ሲጠፋ የሚሆነውን እንመልከት። 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ 1200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ባትሪው ቶሎ እንዳይሞት ከዚህ የሚወሰደው ግማሹ፣ ማለትም 600 ነው። በዚህ ኀይል ሣጥኑ 17 ሰዓት ሲሠራ ኮምፒውተሩ ስድስት ሰዓት፣ የኢንቨርተሩ ብክነት ሲቀነስም አምስት ሰዓት ያህል ይሠራል። ማታ በ1 ሰዓት ተዘግቶ ጧት በ1 ሰዓት ለሚከፈት ሱቅ ሌባ የሚመጣው ከአምስቱ ሰዓት በኋላ እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል። በዚያ ላይ ትንሹ ሣጥን ብዙውን ጊዜ በ12 ቮልት የሚሠራ ስለ ሆነ፣ ቮልቱን የሚያስተካክል ዕቃ በመካከል ተደርጎ ያለ ኢንቨርተር ከባትሪው ጋር ሊገናኝ ይችላል።

መብራቱ ሲመለስም ሣጥኑ ራሱ ተነሥቶ መቅዳቱን ይቀጥላል። ኮምፒውተሩ ግን ኀይል ሲመለስ እንዲነሣ አስቀድሞ በመነሻ ማስተካከያው ካልታዘዘ ተኝቶ ይቀራል፤ ባለ ሱቁም ካሜራዎቹ ሲበሩ እያየ የሚቀዳ ይመስለዋል። ይህን ትእዛዝ የረሳ ሠሪ ሥራውን ጨርሷል አይባልም።

ሙቀቱም መዘንጋት የለበትም። በግንቦትና በሰኔ የድሬዳዋ ቀን ወደ 35 ዲግሪ ሲደርስ፣ በተዘጋ የእንጨት ቁም ሣጥን ውስጥ የተደበቀ መቅጃ ከዚህ በጣም ይልቃል። የሣጥኖቹ የአምራች ወሰን ብዙውን ጊዜ 55 ዲግሪ ነው። ኮምፒውተሩ ማራገቢያ ስላለው ይሻላል ቢባልም፣ ማራገቢያው የደቻቱን አሸዋ አብሮ ይስባል፤ በየሦስት ወሩ ካልተጠረገ ጥቅሙ ይቀራል። ደቻቱ ከተነሣ አይቀር፣ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. የደረሰውን ጎርፍ የሚያስታውስ ነጋዴ መቅጃውን ከባንኮኒ ሥር ወለል ላይ አያስቀምጥም።

ሌላው ጉዳይ ከውጭ የሚመጣ እጅ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2009 ዓ.ም. ሚራይ የተባለ ተንኮል አዘል ፕሮግራም የፋብሪካ ምስጢር ቁጥራቸው ያልተለወጠ ካሜራዎችንና መቅጃዎችን በብዛት ማርኮ፣ ዳይን የተባለውን የአሜሪካ የኢንተርኔት ድርጅት አገልግሎት አስተጓጉሏል። ሾንግማይ የተባለው የቻይና አምራችም ከዕቃዎቹ አንዳንዶቹን ለመሰብሰብ ተገድዷል። በመስከረም 2014 ዓ.ም. በሂክቪዥን ዕቃዎች ላይ ከባድ ቀዳዳ መገኘቱ ተገልጾ ማረሚያ ወጥቶለታል። ማረሚያው ግን የሚጠቅመው ለጫነው ሰው ነው። በእጅ የተሠራውም ቢሆን ፕሮግራሙን የሚያድስ ሰው ከሌለው ከዚህ አደጋ ነጻ አይደለም።

ጥያቄው እንግዲህ ወደ ሰው ይመለሳል። ኮምፒውተሩን ያሰናዳው ወጣት ሥራ አግኝቶ አዲስ አበባ ቢሄድ የምስጢር ቁጥሩን የሚያውቅ ማን ይቀራል? ሣጥኑ ሲበላሽ ሌላ ሣጥን ይገዛል፤ ኮምፒውተሩ ሲበላሽ ግን የተበላሸው ክፍል ብቻ ይለወጣል። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ልዩነት የሚናቅ አይደለም። በማስረጃ በኩልም ኮምፒውተሩ በማንኛውም ማሽን የሚከፈት ኤም.ፒ.4 ፋይል ይሰጣል፤ ከሣጥኖቹ አንዳንዶቹ ግን፣ ለምሳሌ ዳሁዋ፣ ልዩ ማጫወቻ የሚሻ ፋይል ስለሚያወጡ ማጫወቻውን በፍላሹ ላይ አብሮ መገልበጥ ያስፈልጋል።

ስለዚህ አራትም ሆነ ስምንት ካሜራ ላለው ሱቅ ሣጥኑን በደረሰኝና በዋስትና መግዛት ይመረጣል። ያለ ደረሰኝ በርካሽ የተገኘው ሲበላሽ ተመላሽ የሚቀበል የለም። ብዙ ካሜራ ላለው፣ ምስሉን ለወራት ማቆየት ለሚፈልግ፣ ኮምፒውተር የሚያውቅ ቋሚ ሠራተኛና ጄኔሬተር ላለው አስመጪ ግን ማሠራቱ ያዋጣል። በየትኛውም መንገድ ቢሆን የሰው መልክ የሚታወቅበት ምስል የግል መረጃ ስለ ሆነ፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንደሚመለከተው አውቆ ካሜራ መኖሩን የሚገልጽ ጽሑፍ በበሩ ላይ መለጠፍ ይገባል።

የቀረው ሰዓቱ ነው። ከቻይና የመጣ ሣጥን ሰዓቱ ሳይስተካከል ከተሰቀለ ከእኛ በአምስት ሰዓት ይቀድማል። ማታ በ2 ሰዓት ከሩብ የተፈጸመ ነገር በምስሉ ላይ በማግስቱ ቀን 01:15 ተብሎ ይጻፋል፤ ምስክሩ የተናገረው ቀንና ምስሉ የያዘው ቀንም ይለያያሉ። ሰዓቱ ቢስተካከል እንኳ የሚታየው 20:15 ነው፤ ቀኑም በአውሮጳ አቈጣጠር ይሆናል። ፍላሹ ለፖሊስ ሲሰጥ ሁለቱንም አቈጣጠር በወረቀት ጽፎ ማያያዝ ያስፈልጋል። ቅዳሜ ሒሳብ ሲዘጋ የመቅጃውን ሰዓት ከስልክ ሰዓት ጋር ማስተያየትና ካለፈው ሳምንት አንዱን ሌሊት ከፍቶ ማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።