የኤሌክትሪክ ምጣድና የኦም ሕግ

በደብረ ማርቆስም ሆነ በሌላው ከተማ በበዓል ዋዜማ በየቤቱ ምጣድ ሲጣድ፣ የመብራቱ ድምቀት ቀነስ ሲል ይታያል። ብዙ ሰው «ኃይል አነሰ» ብሎ ያልፈዋል። ምክንያቱ ግን በአንድ መስመር ስሌት የሚገለጥ ነው።

ኮረንቲን በሽቦ ውስጥ የሚገፋው ግፊት ቮልቴጅ ይባላል፤ የሚለካውም በቮልት ነው። የሚያልፈው የኮረንቲ መጠን በአምፔር፣ ሽቦው ወይም ዕቃው ለኮረንቲው የሚፈጥረው መሰናክል ማለትም ሬዚስታንስ ደግሞ በኦም ይለካል። ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1827 ባሳተመው መጽሐፍ የሦስቱን ዝምድና ገለጠ፦ ቮልቴጅ ለሬዚስታንስ ሲካፈል ኮረንቲን ይሰጣል።

በአገራችን ወደ መኖሪያ ቤት የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። 3,520 ዋት የሚወስድ ምጣድ ብናስብ፣ ዋቱ ለቮልቱ ሲካፈል 16 አምፔር ይሆናል። ይህም ባለ 60 ዋት አምፖሎች ወደ 59 ያህል ሆነው በአንድነት የሚወስዱት ኮረንቲ ነው! ከሸክላው በታች የተዘረጋው የምጣዱ ሽቦም 13.75 ኦም ነው ማለት ነው። አሁን ከምሰሶው እስከ ቤቱ ያለው ሽቦ 1 ኦም ቢኖረው ጠቅላላው 14.75 ይሆናል፤ ኮረንቲው ወደ 15 አምፔር ይወርዳል፤ 15 ቮልት ያህልም በመንገድ ይቀራል። አምፖሉ የሚደርሰው 205 ቮልት ብቻ ስለሆነ ይደበዝዛል። ጎረቤቶች በዚያው መስመር ላይ ሲጋግሩ ደግሞ ይብስበታል። በ1956 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የጢስ ዓባይን ኃይል ለመሳሰለው ረጅም ጉዞ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚመረጠውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቮልቴጁ ከፍ ሲል ያንኑ ኃይል ለማድረስ ጥቂት ኮረንቲ ይበቃል።

የመብራት መደብዘዝ ግን ቀላሉ ነገር ነው። የሚያስፈራው የላላ መጋጠሚያ ነው። በሶኬቱ ውስጥ በሚገባ ያልታሰረ ሽቦ ግማሽ ኦም ቢፈጥር፣ በ15.4 አምፔር ወደ 120 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ከአውራ ጣት ጫፍ በማይበልጥ ስፍራ ላይ ይከማቻል። ፕላስቲኩ ይቀልጣል፤ እንጨቱም ይቀጣጠላል። ፊውዙ በዚህ ጊዜ አይቃጠልም፤ ኮረንቲው ከልኩ አልበለጠምና፣ እንዲያውም ቀንሷልና። በተቃጠለ ፊውዝ ምትክ ወፍራም ሽቦ የሚያስር ሰው ደግሞ፣ ኮረንቲ ከልክ ሲያልፍ የሚያድነውን አንዱን ዘበኛ በገዛ እጁ ያሰናብታል።

የላላውን ስፍራ ባለሙያ በቮልት መለኪያ ያገኘዋል። ምጣዱ እየሠራ ሳለ የመለኪያው ሁለት ጫፎች በመጋጠሚያው ግራና ቀኝ ሲያርፉ፣ ደህናው መጋጠሚያ ከዜሮ እምብዛም አይርቅም፤ የላላው ግን ወደ 8 ቮልት ያሳያል። የአምፔር መለኪያ በዚህ መንገድ አይያዝም። እርሱ ሽቦው ተቆርጦ በመካከል የሚገባ፣ ኮረንቲው ሁሉ በውስጡ የሚያልፍበት፣ ሬዚስታንሱም እጅግ አነስተኛ የሆነ መሣሪያ ነው። በሁለቱ የ220 ቮልት ሽቦዎች መካከል ቢደረግ ኮረንቲው ያለ መሰናክል ይጎርፍና መሣሪያውን ያቃጥለዋል፤ የያዘውንም ሰው ይጎዳል። ስለዚህ ተማሪ ልዩነቱን መለማመድ ያለበት በ1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይና በትንሽ የእጅ ባትሪ አምፖል ነው።

ቆጣሪው በበኩሉ ኃይልን ከጊዜ ጋር አባዝቶ በኪሎዋት ሰዓት ይመዘግባል። እንጀራውን ያበሰለውን ሙቀትና ሶኬቱን ያቀለጠውን ግን አይለይም፤ በላላው መጋጠሚያ ላይ በሁለት ሰዓት ጋገራ የባከነው 0.24 ኪሎዋት ሰዓት ከሒሳቡ ጋር ተደምሮ ይከፈልበታል።