የሜዳ ከፍታና የቤዝቦል ቪዲዮ ጨዋታ፦ ከጅግጅጋ አንጻር

በቤዝቦል ቪዲዮ ጨዋታ የሜዳው ከፍታ ለኳስ ወርዋሪው ወይም ለመቺው ያደላል። ጅግጅጋ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ሽንሌ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ የተመታ ኳስ ርቆ ይሄዳል። ተሽከርክሮ የሚወረወር ኳስም የሚታጠፈው በአየር ኃይል ስለሆነ መታጠፉ ይቀንሳል። ስለዚህ ስስ አየር መቺውን በሁለት መንገድ ይጠቅማል።

ከፍተኛ ስፍራ ላይ በምትገኘው የአሜሪካ ከተማ ዴንቨር ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኳሶች እርጥበቱ በተመጠነ ክፍል የሚቀመጡት ይህን ብልጫ ለማለዘብ ነው። «ኤምኤልቢ ዘ ሾው 21» ደግሞ ተጫዋቹ የራሱን ሜዳ ሲሠራ ከፍታውን እንዲመርጥ ፈቅዷል። በመሆኑም በተለያየ ከፍታ የተገኙ ውጤቶች ያለ ማስተካከያ ቢነጻጸሩ፣ የተጫዋቹ ችሎታና የአየሩ ውለታ ሳይለዩ ይቀራሉ።